የአሮጌ መኪናን የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ራስ መቀየር

ባሕር ዳር መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ዲኤክስ ያልፋል፣ አሮጌ ኮሮላ ያልፋል፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስ፣ አንዳንዴም ላዳና ቮልስ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይፈለጋሉ። ዕድሜያቸውን ከምንም በላይ የሚያራዝመው ዘይታቸው በጊዜው መቀየሩ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። አንድ ቡሎን ይፈታል፣ አንድ ፊልትሮ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፣ ዘይት ይሞላል። ራሳችሁ ሥሩት ስል መካኒኮቻችንን ለማማት አይደለም፤ ጎበዝና ታማኝ መካኒክ ያገኘ ሰው ታድሏል። ግን ራሳችሁ ስትሠሩት ከምትቆጥቡት ብር የሚበልጥ ነገር ታገኛላችሁ። የገባው ዘይት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ። የወጣውንም በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከአሮጌ ሞተር የወጣ ዘይት ብዙ ይናገራል፣ ጋራዥ ውስጥ ግን ባለመኪናው ሻይ እየጠጣ ሳለ ማንም ሳያየው በርሜል ውስጥ ይገለበጣል።

መቼ ይቀየር?

ተራውን የማዕድን ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው። ብዙ ሰው ኪሎ ሜትሩን ይይዝና ወሩን ይረሳል። «መኪናዬ ብዙ አትሄድም፣ በዓመት 3,000 እንኳ አትሞላም፣ ምን ያስቸኩለኛል?» ይላል። እዚህ እኛ ከተማ ግን ትልቁ ችግር ይኸው ብዙ አለመሄዷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥቂቱ ግን ከተቃጠለው ጋዝ ጋር በፒስተን ቀለበቶቹ ዳር ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ቀለበቶቹ ባረጁ መጠን የሚሾልከውም ይበዛል። ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮ ይገባል። ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ፣ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ይህ ሁሉ ይተንና ይወጣል። ከተማችን ግን ትንሽ ናት፣ ሜዳም ናት። ከአባይ ማዶ ተነስቶ ገበያ ለመድረስ፣ ከሽምብጥ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ደርሶ ይሆናል፣ እሱ የሚያሳየው ግን የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ነው። ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ ውሃውም ቤንዚኑም ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ፣ አሲድ ይፈጥራሉ፣ ዝቃጭ ይሆናሉ። ቆጣሪው ላይ ይህ አይታይም።

የነዳጅ ሰልፉንም አስቡት። ሞተር እየተነሳ እየጠፋ፣ ሁለት ሁለት ሜትር እየተጠጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ኪሎ ሜትሩ ምንም አልጨመረም፣ ሞተሩ ግን ሠርቷል፣ ዘይቱም አርጅቷል። በዚያ ላይ ከአስፋልት ወጣ ሲሉ የሚጠብቀን አቧራ አለ።

ስለዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ 6 ወሩን አጥብቃችሁ ያዙ። መንገዱም ነዳጁም ሲፈቅድ ደግሞ አልፎ አልፎ መኪናዋን እስከ መራዊ ወይም እስከ ሐሙሲት፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሳታቆሙ ውሰዷት። ያን ዕለት ዘይቱ በወጉ ይሞቃል። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ቅንጦት እንደሆነ ይገባኛል፤ ያኔ ዘይቱን ቀደም አድርጎ መቀየር ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ገና አልጠቆረም» ብሎ መተው፣ ወይም «በሳምንቱ ጠቆረ፣ ዘይቱ የውሸት ነው» ብሎ መደንገጥ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዘይት ጥላሸትን አጥቦ በውስጡ እንዲይዝ የተሠራ ነው፣ ሲሠራ ይጠቁራል። በናፍጣ ሞተር ውስጥማ በቀናት ውስጥ ነው የሚጠቁረው። በቀለም ብቻ አትፍረዱ።

የትኛው ዘይት?

ሰው ብዙ የሚከራከረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረጋ ብለን እንየው። ጋሎኑ ላይ 15ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 የሚል ጽሑፍ አለ። ደብልዩ ያለበት ቁጥር ስለ ብርድ ነው፣ ትንሽ ሲሆን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚቀረውን ውፍረት ይነግረናል።

የብርዱ ቁጥር የሚለካው ከዜሮ በታች በጣም ወርዶ ነው። 20ደብልዩ ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ፣ 15ደብልዩ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይፈተናሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሲበርድ እንኳ እዚያ የሚያደርስ ብርድ የለም። ስለዚህ ለአሮጌ ሞተር ስለ ብርድ ብላችሁ ውድ የሆነውን 5ደብልዩ ፍለጋ አትድከሙ።

ሁለተኛው ቁጥር ግን ይመለከተናል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ትወርዳላችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ትወጣላችሁ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት፣ በሙቀት፣ በከባድ ማርሽ፣ ብዙ ጊዜም ከጭነት መኪና ኋላ። በዚህ ጊዜ ዘይቱ ከቀጠነ በክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ በሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ፣ እና ዘንጉ በሚዞርበት ኩሽኔታ መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይሳሳል። ያ ሽፋን በመደበኛው ጊዜም ቢሆን ብዙውን ጊዜ 0.05 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሞተሩ ደግሞ በደቂቃ 3,000 ሲዞር ክራንኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይሽከረከራል። ብረቱን ከብረት የሚለየው ይኸው ስስ ነገር ብቻ ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ዲኤክስ፣ ቮልስ፣ ላዳ፣ አሮጌ ኮሮላ ላላችሁ 15ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 ይበቃል። ሞተሩ ዘይት መጠጣት ከጀመረ 20ደብልዩ-50 ይመረጣል። ቪትዝ ወይም ሌላ ሞተሩ ላይ ቪቪቲአይ የተጻፈበት መኪና ካላችሁ ግን 50 አትጨምሩበት። የእነዚህ ሞተሮች የዘይት መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያስተካክለው ክፍልም በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው፤ የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን 30 ያዙ። «40 ቁጥር» ተብሎ ብቻውን የሚሸጠው ዘይት ጠዋት ላይ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ አናት ላይ ለመድረስ ይዘገያል። የሞተር ብረት ደግሞ ብዙ የሚፋቀው በጠዋቱ መነሻ ላይ ነው። ዋጋው ካልራቀ ሁለት ቁጥር ያለው ይሻላል።

ከቁጥሩ ሌላ ኤፒአይ የሚል ምልክትና ሁለት ፊደል ፈልጉ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው። ኤስኤል፣ ኤስኤም፣ ኤስኤን ለአሮጌ ቤንዚን ሞተር ሁሉም ጥሩ ናቸው። ኤስኤ የሚባለው ግን እ.ኤ.አ. ከ1930 በኋላ ለተሠራ ሞተር የማይሆን ነው፣ ኤስኤፍ ደግሞ ከ1988 በኋላ ለተሠራ። በዋጋው ርካሽ ሆኖ ያጓጓችሁ ዘይት ላይ መጀመሪያ ይህን ፊደል እዩ። ለአሮጌ ናፍጣ፣ ለሃይሉክስና ለላንድክሩዘር፣ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 ካገኛችሁ በቂ ነው።

የተጭበረበረ ዘይት አለ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ባዶ ጋሎን ተሰብስቦ እንደገና ይሞላል። ክዳኑ ከታች ቀለበቱ ያልተበጠሰ መሆኑን፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ ጋሎኑ ላይ ያለው የምርት ቀን ያልተፋቀ መሆኑን እዩ። ደረሰኝ ከሚሰጥ ቦታ ግዙ። ባዶውን ጋሎን ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት በቢላ ቅደዱት፤ ሳይቀደድ የተጣለ ጋሎን ነገ ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።

ፊልትሮው

ፊልትሮ ከዘይቱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነገር ነው፣ ሰው ግን «ይህን ዙር ይቆይ» ይለዋል። አይቆይም። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ፣ ዘይቱ በእሱ አልፎ ነው ወደ ኩሽኔታዎቹ የሚሄደው። ወረቀቱ ሲደፈን ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ፊልትሮው ውስጥ ወይም ሞተሩ ላይ ማለፊያ ቫልቭ ተሠርቷል። ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ፣ ከነቆሻሻው፣ ቀጥታ ያልፋል። ማንም አያስጠነቅቃችሁም፣ መብራት አይበራም። በዚህ ላይ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች የሚይዙት ጠቅላላ ዘይት ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው። ፊልትሮውን ትታችሁ ብትቀይሩ ውስጡ የቀረው ጥቁር ዘይት ወዲያው ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የጎማውን ቀለበት ስፋትና የመሃሉን ጥርስ አስተያዩ። ውስጡን በቀዳዳዎቹ ስታዩ ቀይ ወይም ጥቁር የጎማ ሽፋን ካለ ጥሩ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። ይህ የሌለው ፊልትሮ ጠዋት ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ ኳኳታ ያሰማችኋል። ቮልስ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም። የእናንተው ተቀያሪ ፊልትሮ የለውም፣ ከታች ያለውን የሽቦ ወንፊት አውጥታችሁ በቤንዚን አጥባችሁ በአዲስ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) መመለስ ነው፣ የሚገባውም 2.5 ሊትር ብቻ ነው።

ከመኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። መኪናን በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥር መግባት ሰው ይገድላል። ብሎኬት ደግሞ ከዚያ አይሻልም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። ጥቁር ድንጋይ ደርድሮ ማቆምም እንዲሁ፣ ይንሸራተታል። የብረት መቆሚያ ከጎረቤት ጋራዥ ተዋሱ ወይም አሠሩ። ካጣችሁ ወፍራም ጣውላ ደራርባችሁ በሚስማር አያይዛችሁ መወጣጫ ሥሩና ሁለቱን የፊት ጎማዎች አውጡበት። የኋላ ጎማዎቹን በጣውላ ወይም በድንጋይ አግዱ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡ። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ፣ በተለይ በክረምት፣ ክሪኩ ይሰምጣል፣ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ አድርጉ። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ያላችሁ ብዙ ጊዜ ማንሳቱ ራሱ አያስፈልጋችሁም፣ በጀርባ ተኝቶ ይገባል።

ጓንት አድርጉ። የተቃጠለ ዘይት ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ቆዳን ሲነካ ለቆዳ ካንሰር ሊዳርግ ይችላል። ለከብት ወይም ለውሻ እከክ ብሎ መቀባትም ጎጂ ነው፣ እንስሳው ይልሰዋል፣ በቆዳውም ይገባል።

ሥራው

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ ለቡሎኑ የሚሆን ዝግ ቁልፍ ወይም ቡሶላ፣ ዘይቱን በሙሉ የሚይዝ ሰፊ ሳፋ፣ አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ ሮንዴላ፣ ማጥለያ፣ ጨርቅ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን። አብዛኞቹ ትንንሽ ቶዮታዎች የ14 ቁልፍ ይፈልጋሉ። ላዳ ላይ ቡሎኑ ከውስጥ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፣ የ12 አለን ቁልፍ ይገባበታል። እየጠበበና እየሰፋ በሚሠራው ቁልፍ አትሞክሩት፣ የቡሎኑን ጠርዝ ያከብባችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን አሙቁት፣ አሥር ደቂቃ ነድታችሁ ተመለሱ። የሞቀ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ግን በጣም እንዳያቃጥላችሁ አጥፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከላይ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈቱ፣ አየር ሲገባ ከታች ያለው በደንብ ይፈስሳል።

ከሥር ስትገቡ ከሞተሩ በታች ያለውን የዘይት ቋት ፈልጉ። ተጠንቀቁ፣ አጠገቡ የካምቢዮው ዘይት ማፍሰሻም አለ። የካምቢዮውን ዘይት አፍስሶ ሞተሩን እጥፍ የሚሞላ ሰው አለ፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ቡሎኑን ከፊት ለፊት እያያችሁት ወደ ግራ ነው የሚፈታው። ሊወጣ ሲል ወደ ላይ እየገፋችሁ በጣታችሁ አዙሩትና በአንድ ጊዜ ጎተት አድርጋችሁ አውጡት። ዘይቱ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ነው የሚወረወረው፣ ሳፋውን ያንን አስባችሁ አስቀምጡ። ከዚያ አትቸኩሉ። ጠብታ እስኪሆን ድረስ ይፍሰስ፤ በዚህ መሃል ኤር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አቧራውን ማራገፍ ትችላላችሁ።

ፊልትሮው በእጅ ይፈታል፣ ካልተፈታ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ ሞክሩ፣ ወይም የፊልትሮ መፍቻ ቀበቶ ተዋሱ። በካቻቢቴ ወግቶ ማዞር የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፣ ቆርቆሮው ከተቀደደ የምትይዙት ነገር ታጣላችሁ። ሲወጣ አንድ ነገር ማየት አለባችሁ፦ የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት አብሮ ወጥቷል ወይ? አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በእሱ ላይ አዲሱን ካሰራችሁ ሁለት ጎማ ይደረባል፣ ሞተሩ ሲነሳ ግፊቱ ጎማውን ያስወጣውና ዘይቱ በሙሉ በደቂቃ ውስጥ መሬት ላይ ይፈስሳል። ፊቱን በጨርቅ ጥረጉ፣ በጣታችሁ ዳስሱ።

የአዲሱን ጎማ በአዲስ ዘይት ቀቡት። በእጅ እያዞራችሁ ጎማው ሲነካ ቁሙ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ጨምሩ። በቃ። በቁልፍ አይጠበቅም።

ቡሎኑም እንደዚሁ። ሮንዴላውን ቀይሩ፣ በእጅ አስጀምሩ፣ ቀጥ ብሎ መግባቱን እርግጠኛ ሁኑ። የቶዮታው ጥብቀት 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ኒውተን ሜትር የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ ደግሞ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ፣ ልክ ጠበቅ ሲል መተው ነው። ቧንቧ ጨምሮ መጎተት የቋቱን ጥርስ ይበላል፤ የብዙ አሮጌ መኪኖች ቋት ከሥሩ የሚንጠባጠበው ከዓመታት በፊት አንድ ጉልበተኛ ስላጠበቀው ነው።

አሁን ሙሉ። መጽሐፉ ከሚለው ግማሽ ሊትር ቀንሳችሁ ጀምሩ። መጽሐፍ ከሌላችሁ ትንንሽ ቶዮታዎች ከ3 እስከ 4፣ ላዳ 3.75፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የናፍጣ ላንድክሩዘር ከ9 ሊትር በላይ መሆኑን ያዙና በመለኪያ ዘንጉ እየለካችሁ ጨምሩ። ክዳኑን ዝጉ፣ ያስገባችሁትን ማርሽ አውጡና ሞተሩን አስነሱ፣ ጋዝ ግን አትርገጡ። የዘይት መብራቱ ጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል፣ ፊልትሮው እየሞላ ስለሆነ ነው። ካልጠፋ ወዲያው አጥፉና ፈልጉ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ወደ ሥር አጎንብሳችሁ ጠብታ ካለ እዩ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ መኪናዋን አውርዱ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና ሜዳ ላይ ቆማ እያለች ለኩ። ፊልትሮው ስለጠጣ ትንሽ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ከላይኛው ምልክት እንዳያልፍ እያደረጋችሁ አስተካክሉ። ሲበዛ ክራንኩ ይመታውና አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም።

ሞተሩን ለማጠብ ብሎ ናፍጣ ጨምሮ ማዞር እዚህም እዚያም ይደረጋል። እኔ አልስማማም። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ለዓመታት የተጋገረ ዝቃጭ ያለበት ሞተር ላይ ደግሞ ዝቃጩ በአንድ ጊዜ ይላቀቅና የፓምፑን ወንፊት ይደፍነዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ካላችሁ ጥሩ ዘይት ሞልታችሁ ሁለት ሦስት ዙር በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩት፣ በራሱ ጊዜ ይጸዳል።

የወጣው ዘይት ምን ይላል?

ጀሪካን ውስጥ ከመገልበጣችሁ በፊት መጠኑን ገምቱ። 3 ሊትር ከምናምን አስገብታችሁ 2 ሊትር ከወጣ ሞተሩ ወይ ይጠጣል ወይ ያፈስሳል። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለ ይጠጣል። ግቢው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ያፈስሳል። እንዲህ ያለውን መኪና በየሳምንቱ መለካት ከመቀየሩም ይበልጣል። በብዙ መኪኖች ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። የዘይት መብራቱን አትጠብቁ፤ እሱ የሚበራው ግፊት ሲጠፋ ነው፣ ያኔ ጉዳቱ ጀምሯል።

ቀጥሎ አሽትቱት። ቤንዚን የሚሸት ቀጭን ዘይት ካርቡራተሩ ወይም ኢንጀክተሩ ላይ ችግር እንዳለ ይናገራል፣ አሮጌ ካርቡራተር ላይ ደግሞ የቤንዚን ፓምፑ ሽፋን ተቀዶም ሊሆን ይችላል።

ቀለሙ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ከሆነ ያ ከላይ ያነሳነው የአጭር መንገድ ጣጣ ነው፣ ራቅ ያለ መንገድ ይፈልጋል። ዘይቱ በሙሉ እንዲህ ከሆነ ግን የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን ሳይበላሽ አይቀርም፣ የራዲያተሩም ውሃ ይቀንስ ይሆናል። መኪናዋን አቁሙና መካኒክ ጥሩ።

በመጨረሻ ከሳፋው ሥር ያለውን ዝቃጭ በፀሐይ እዩት። ዱቄት የሆነ ግራጫ ነገር በአሮጌ ሞተር ይጠበቃል። በዓይን የሚለይ፣ የሚያብለጨልጭ ስብርባሪ ግን ኩሽኔታው እየተበላ ነው። ይህን ቀድሞ ያየ ሰው ኩሽኔታ ቀይሮ ይተርፋል። ያላየው ክራንክ ያስቆርጣል፣ ወይም ሞተር ይገዛል።

ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነትና ምን ያህል እንደወጣ በወረቀት ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጡ።

የተቃጠለው ዘይት የት ይሂድ?

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም ይከነክነኛል። በየግቢው ጥግ፣ በየአጥሩ ሥር፣ በየቦዩ የሚደፋ ዘይት አለ። አንዳንዱ አቧራ ያስተኛል ብሎ መንገድ ላይ ይረጨዋል። የባሕር ዳር ቦይ ደግሞ የሚሄድበት ይታወቃል፣ ወይ ጣና ነው ወይ አባይ። በግንቦት የደፋነውን ሐምሌ ጠርጎ ይወስደዋል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ መኪና አንድ ጊዜ የሚወጣ ዘይት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይናገራል። ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ግን አይደለም፤ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ነው። ዘይቱ ደግሞ መሃል ድረስ አይሄድም፣ ዳር ላይ፣ ደንገሉ ሥር ነው የሚቀረው። ውሃው ላይ ስስ ሆኖ ይነጠፍና አየር ይከለክላል። ቀረሶው እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጫጩቱም የሚያድገው እዚያው ዳር ነው። በሐይቁ ውስጥ ካሉት የነጭ አሳ ዝርያዎች ከ10 በላይ የሚሆኑት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ እኛ ግን መኪና ይዘን ዳሩ ድረስ ወርደን ከነዘይቱ እናጥባለን። እምቦጩ አልበቃ ብሎት ነው?

ማድረግ ያለብን ቀላል ነው። ሳፋውን በማጥለያ ወደ ጀሪካኑ ገልብጡ። አሮጌውን ፊልትሮ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ሌሊት አንጠባጥቡት፣ ውስጡ የቀረው ዘይት ትንሽ አይደለም። መሬት ላይ የፈሰሰ ካለ ሰጋቱራ ወይም አመድ በትኑበት፣ በውሃ አትጠቡት፣ ሰብስባችሁ በፌስታል ቋጥሩ። ትልልቅ ጋራዦችና ዘይት የሚቀይሩ ማደያዎች የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ያጠራቅማሉ፤ አዲሱን ዘይት ስትገዙ የተቃጠለውን ይረከቡ እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ምስጥ ይከላከላል ብለው እንጨት ለመቀባት የሚጠይቋችሁ አሉ፤ ለሐይቁ ወይም ለውሃ ጉድጓድ ቅርብ ለሆነ አጥር አትስጡ።

ጀሪካኑ እስኪሞላ ድረስ ዝናብ በማይነካው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ላዩ ላይ «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጥ። ውሃ፣ ቤንዚን ወይም የፍሬን ዘይት አትቀላቅሉበት፤ ከተቀላቀለ የሚረከባችሁ አታገኙም።